ከየትም ማንበብ

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ አድሯል። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ትናንት ማታ የእኛ ሰፈር ተራ ነበር፤ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተሰብሯል። ውሃው ኮርኒሱን አልፎ ሰርቨሩ ላይ ወረደ። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ ያነሳነው ራጅና አልትራሳውንድ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ባክአፑም ሰርቨሩ ላይ ነበር። ላዩ ላይ ተቀምጦ ማለቴ ነው። መጀመሪያ የረጠበው እሱ ነው።

ባለቤቴ ፍሰሐ ገብቶ አየና "እንግዲህ" ብሎ ወጣ።

ሐምሌ 9

ከአዳማ ያስመጣነው ቴክኒሻን ዲስኩን አንስቶ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።

"ሞቷል፣ ሲስተር።"

ነርስነቱን ትቼ አስተዳደሩን ከያዝኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ ዛሬም ሁሉም ሲስተር ይለኛል። ሞቷል ሲሉኝ ደግሞ እጄ ሰዓት ለመመዝገብ ይሄዳል።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ፍሰሐ ሌላ ሰርቨር አንገዛም አለ። ክላውድ እንግባ ይላል። ምስሉ ሌላ ቦታ ባለ ማሽን ላይ ይቀመጣል፤ እኛ በኢንተርኔት እናየዋለን።

"ሌላ ቦታ የት?"

"የትም ሊሆን ይችላል።"

"የትም የሚባል ቦታ የለም። የሆነ ሰው ግቢ ነው።"

"ወይንዬ፣ ዋናው ነገር እኔ ከየትም ሆኜ ማንበብ መቻሌ ነው።"

"ከየትም ለምን?"

"ለምሳሌ ከቤት።"

ቤታችን ከክሊኒኩ ጀርባ ነው። በመስኮት ብጠራው ይሰማል።

ድርጅቱን የምመርጠው እኔ ነኝ። አስተዳደሩ ያንቺ ነው አለኝ። እስከ መስከረም እንዲያልቅ ይፈልጋል። ለምን እስከ መስከረም እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ራጅ የሚያነብልን እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ክሊኒኩ ትልቅ ካሜራ ነው።

ሐምሌ 16

ዛሬ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ስለ ክላውድ አነበብኩ። እንደሚያስፈራሩት አይደለም። የኪራይ ጉዳይ ነው፤ ከጓሮ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ለመምህራን ሳከራይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ።

አንደኛው ዓይነት ባዶ ቤት ነው። ማሽኑን ይሰጣሉ፤ በር መቆለፉም መጋረጃ መስቀሉም የተከራዩ ነው። ሌላው ዕቃው የተሟላለት ነው፤ ፕሮግራሙም ጥበቃውም ከነሱ፣ እኛ ምስሉን ማስገባትና ማየት ብቻ። የኮምፒውተር ሠራተኛ የለንም። ስለዚህ ዕቃው የተሟላለት።

ቀጥሎ ምስሉ በስንት ቅጂ፣ የት የት እንደሚቀመጥ ይጠየቃል። ሁሉም ሦስት ቅጂ፣ በተለያየ ቦታ ይላሉ። አንዱን በአንዱ ላይ የሚያስቀምጥ የለም።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ጋ ማስገባት በነፃ ነው፤ ማውጣት ያስከፍላል። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተከራይ ለመውጣት የሚከፍልበት ቤት ሰምቼ አላውቅም። መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ሐምሌ 21

ፍሰሐ ትልቁን የውጭ ድርጅት እንሞክር ብሎ ነበር። የእኛን የባንክ ካርድ አልቀበል አለ። ስቶክሆልም ላለችው እህቱ ለቢታንያ ደወለ፤ በእሷ ካርድና በእሷ ስልክ ቁጥር ተከፈተ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንዲህ ነው አለኝ። የትኛውም መሥሪያ ቤት፣ አንድ ውጭ ያለች እህት አለችው።

አሁን የአርሲ ሰው ሳንባ የሚከፈተው በስዊድን ስልክ ነው።

ጠበቃውን የሕመምተኛ መረጃ ከአገር ሲወጣ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠየቅኩት። "አንብቤ እነግርሻለሁ" አለ። አዋጁ በእጁ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

በሆዷ ፈሳሽ ያለባት ሴት ከሆስፒታል ላኩብን። ተረኛዋ ምስሉን ልታስገባ ስትል ሲስተሙ ኮድ ጠየቀ። ኮዱ ቢታንያ ስልክ ላይ ነው። ቢታንያ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ መዘምራን ውስጥ ስላለች ስልኳን ታጠፋለች። ሦስት መዝሙርና አንድ ስብከት ጠበቅን።

ፍሰሐን በመስኮት ጠራሁት። መጥቶ ማሽኑ ላይ አነበበ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፍሰሐ አዲስ አበባ ሄዷል። ስብሰባ። ዓርብ ዓርብ የሚደረግ ስብሰባ ነው። ጥሩ ጫማውን አድርጎ ሄደ። ቦቱን በረንዳ ላይ ትቶታል። አሰላ ለሁለት ዓመት ተመድቦ የመጣ ጊዜ የገዛው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ያለ እሱ ከበር አይወጣም ነበር።

ጥበቃው ዋቅቶላ ለካርድ ሠራተኛዋ ለሳምራ በመስኮቷ በኩል ሲናገር ሰማሁ።

"ዶክተር ጠቅልለው ከገቡ እኔን የት ያደርጉኛል?"

"ዝም በል፣ ሲስተር ትሰማለች።"

ስለ ሌላ ዶክተር ይሆናል።

ነሐሴ 6

የአዲስ አበባ ድርጅት። ማሽኖቹ እዚሁ አገር ውስጥ ናቸው፤ ክፍያውም በብር፣ በእኛው ባንክ። ኖህ የሚባል ወጣት ስለ ፍጥነትና ስለ ደኅንነት ብዙ አወራልኝ። ቤቱን ሳላይ አልከራይም አልኩት። በቪዲዮ እያሳየኝ ዞረ። ፍሪጅ የሚያካክሉ ማሽኖች፣ ነፋስ፣ በር ላይ ጃኬት የለበሰ ጥበቃ።

"ከላይ ሮቶ አለ?"

ሳቀ። "ሲስተር፣ ይሄ እኮ ዳታ ማዕከል ነው።"

"ከላይ ሮቶ አለ ወይ ነው ያልኩህ።"

ሄዶ አየ። ቆየ። ሲመለስ አይስቅም ነበር።

"ከላይ የለም። ከጎን ባለው ሕንፃ ላይ አንድ አለ።"

"ርቀቱስ?"

"አሥር ሜትር ይሆናል።"

ይሄን ልጅ ወደድኩት። የማያውቀውን ሄዶ የሚያይ ነው። ድርጅት ሲመረጥ ስትጮህበት የሚሰማ ሰው ያለበትን መምረጥ ነው፤ ይህን ግን የትም ተጽፎ አላገኘሁትም።

ነሐሴ 13

ኦቦ ኢዶሳ የሚባሉ አዛውንት ከሲሬ መጡ። ሳል። ራጅ አነሳን። ቀኝ ሳንባቸው ላይ ክብ ጥላ አለ። ፍሰሐ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ከዚህ በፊት እዚህ ተነሥተዋል?"

"በፊት ጊዜ ነው። የእናንተው ማሽን ነው ያነሳኝ።"

ፍሰሐ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ኮርኒሱ አየሁ። የድሮው ቢኖር ጥላው አዲስ ይሁን የቆየ ጠባሳ ወዲያው ይለይ ነበር። አዲስ ከሆነ አዲስ አበባ ይላካሉ፤ ናሙና ከሳንባቸው ይወሰዳል።

"ፊልሙ በእጅዎ የለም?"

"ለምን ይጠፋል? ቤቱን ቆርቆሮ ስናለብስ ዕቃውን ሁሉ ልጄ ጋ ኢተያ አድርሼዋለሁ። አመጣዋለሁ።"

ከወጡ በኋላ ፍሰሐ፣ ክላውድ ሲገባ ፊልም ማተም እንተዋለን አለ። ዘመኑ አልፎበታል፤ ወጪ ብቻ ነው። ሳምራ ከመስኮቱ ጮኸች።

"ዶክተር፣ እኔን ይገድሉኛል! 'ፎቶዬስ?' ሲሉኝ ምን ልበል? ኢንተርኔት ላይ አለ ልበል?"

"አዎ፣ እንደዚያ በያቸው።"

"እርስዎ ይምጡና ይበሏቸው።"

ነሐሴ 20

የኖህን ሲስተም ሞከርን። ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ሄዶ በጄኔሬተር። የደረት ራጅ ላክን፤ ሻይ ሳይቀርብልኝ ደረሰ። ሳምራ በራሷ ስልክ ከፈተችው፤ አጥንቱ ይቆጠራል። ኮዱ የሚመጣው እኔ ስልክ ላይ ነው። እንውጣ ብንል ምስላችንን በዲስክ ገልብጠው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ፤ በጽሑፍ አድርጉት ብዬ አድርገዋል።

የሚጎድለው የለም።

ፍሰሐ ማታ ምን ደረሰ አለኝ። ተጨማሪ ሙከራ ያስፈልገዋል አልኩት።

ነሐሴ 28

ሳምራ ሬሴፕሽን ላይ ስልክ አነሳች። አዲስ አበባ የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። ዶክተር ፍሰሐ ቤቱን ከመስከረም ነው ከጥቅምት የሚይዙት ብለው ጠየቁ። ሳምራ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ካርዱ ሳጥን አዙራ ነው።

የተሳሳተ ቁጥር ነው አልኳት።

ስሙን ግን በትክክል ነው የጠሩት። የአባቱንም ጨምረው።

ጳጉሜን 3

ኖህ ደወለ።

"ሲስተር፣ ሲስተሙ ላይ ምን ቀረ?"

"ሙከራ።"

"የምን ሙከራ?"

"የዝናብ።"

"በዝናብ እኮ ሞክረነዋል። ዝናቡም እያለቀ ነው።"

"የበጋ ይቀራል።"

"ሲስተር፣ እኛ ያጠፋነው ነገር አለ?" አለኝ። የለም አልኩት። ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው። በእሱ ላይ ይህን ማድረጌ ልክ አይደለም። የመዝጊያ ወር ስለሆነ ሒሳብ በዝቶብኛል ብዬ ዘጋሁት።

መስከረም 1

ዶሮውን በልተን ልጆቻችን የእኔ እናት ጋ ሄዱ። ሁለታችን ቀረን።

"ወይንዬ፣ የምነግርሽ ነገር ነበር።"

"መጀመሪያ ክላውዱ ይለቅ።"

"እኔም እኮ ክላውዱን ነው የምጠብቀው።"

ሳህን አነሳሁ።

እሱ ያለው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ከመጣ ጀምሮ ጉልበቱን ብርዱ ይጎዳዋል። እዚህ የሚያየው በሽታ አንድ ዓይነት ነው፤ ሐኪም ደግሞ እንደ ቢላ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ሲቆርጥ ይዶለዱማል፤ ይህን ራሱ ነው የሚለው። ድሮ፣ አዲስ አበባ እንግባ ሲለኝ፣ እኔ ክሊኒኩን ማን ይይዛል አልኩ። መልስ እንዲሆን ነው ያልኩት። እሱ ጥያቄ አድርጎ ወስዶት ኖሯል። አሁን መልሱን አግኝቶለታል፦ እኔ እይዘዋለሁ፣ እሱ ከየትም ያነባል።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ኦቦ ኢዶሳ መጡ። ሁለት ወንድ ልጆቻቸው አብረዋቸው ናቸው። ፊልሙን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ከመሬት ደብተራቸው ጋር አስረው ነው ያመጡት። ጢስ ጢስ ይላል። አንድም ጭረት የለውም።

"ዶክተሩ የሉም?"

"አዲስ አበባ ናቸው። ዓርብ ይመለሳሉ።" ድሮ የሚሄደው ዓርብ ነበር። አሁን የሚመለሰው ዓርብ ሆኗል። ስናገረው ነው የገባኝ።

"ዓርብ አይሆንልኝም፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ዛሬ ማታ ሽማግሌ ጠርቻለሁ። መሬቱን ለልጆቼ ላካፍል ነው። ነገ በሌሊት መኪና ተዘጋጅቷል፤ አዲስ አበባ ይወስዱኛል። ሳንባ ተቆርጦ የተመለሰ ሰው ሲሬ ውስጥ አላውቅም።"

"ማካፈሉ ትንሽ ቢቆይስ?"

"ሽማግሌ ተጠርቶ? ከተካፈለ ደግሞ አይመለስም። ለዚህ ነው አስቀድሜ የመጣሁት። እዪኝና ንገሪኝ።"

እኔ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ፊልም ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ሰቀልኳቸው። ለእኔ አንድ ይመስላሉ። የእኔ ማየት ግን ወረቀት ላይ አይፈረምም።

ፍሰሐን ደወልኩለት። ላኪልኝ አለ። የድሮውን ፊልም መብራቱ ላይ እንዳለ በስልክ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁ። ቴሌግራም ፎቶ ያሳንሳል። "ይሄ ጭጋግ ነው፤ በዚህ አልፈርምም" አለ። በውጭው ድርጅት ላኪው አለኝ። ሳምራ በውጭው አስገባችው። እሱ ደግሞ እዚያ በአዲስ ላፕቶፕ ሊከፍት ሲል ኮድ ጠየቀው። ቢታንያ ሥራ ናት። የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ ስልካቸው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። ማታ ነው የምትወጣው።

"ሌላ መንገድ የለም?" አለ ፍሰሐ በስልኩ።

ትልቁ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። ታናሹ ውጭ መኪናው ጋ ነው። ኦቦ ኢዶሳ ወንበሩ ላይ ከረጢቱን በልኩ እያጠፉ ነበር። አልቸኮሉም። የሚቸኩል ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

"የኖህ አለ" አልኩ።

"አልተጠናቀቀም አላልሽም?"

"ላፕቶፕህን ክፈት። ኮድ እልክልሃለሁ።"

ሁለቱንም ምስል በሙሉ መጠናቸው ላክሁ። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩ። የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፤ የአዲስ አበባ ነው።

"ገባ" አለ።

ማንበብ ጀመረ። ሲያነብ ትንፋሹን አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥም፣ ከመብራቱ ፊትም፣ በስልክም አንድ ነው።

"ያው ነው። መጠኑም ጠርዙም። የዳነ የቲቢ ጠባሳ ነው። የትም አይሂዱ። ለሳሉ መድኃኒት እጽፋለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ በያቸው።"

ነገርኳቸው። ኦቦ ኢዶሳ ፊልማቸው ይመለስልኝ አሉ፤ መለስኩላቸው። ለአዲሱም ፊልም አትመን ሰጠናቸው። "ሽማግሌዎቹስ?" አለ ከመኪናው የመጣው ታናሹ ልጅ።

"መጥተው ይብሉ። በግ ታርዷል።"

ትልቁ ልጅ በጣም ደስ አለው። ታናሹም ትንሽ ቆይቶ ደስ አለው።

ገለቶሚ ብለው አመስግነው፣ መርቀውኝ ወጡ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

"ይሠራል ማለት ነው" አለ ፍሰሐ።

"ይሠራል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነሐሴ።"

ጡሩምባው እንደገና ተሰማ። "እሺ" አለና ዘጋ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን እንደምለው አዘጋጅቼ ነበር።

መስከረም 16፣ ዓርብ

መጣ። ነገረኝ። ከጥቅምት ጀምሮ፣ አንድ የግል ሆስፒታል፣ ኪራዩን ከፍሏል። የማላውቀው ነገር አልነበረውም፤ ቢሆንም እስኪጨርስ ሰማሁት።

"ነይ አብረን እንግባ" አለ በመጨረሻ።

"ኮዱ የሚመጣው እኔ ስልክ ላይ ነው" አልኩት።

ከዚህ የተሻለ መልስ ነበረኝ። ሲተኛ መጣልኝ።

መስከረም 22

ከኖህ ድርጅት ጋር ውል ፈረምን። የውጭው ይዘጋ ብዬ ለቢታንያ ጻፍኩላት፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ከእንቅልፌ ከመቀስቀስ አሳረፍሽኝ አለች።

ኖህ በስልክ ሆኖ የሠራተኞቹን ፈቃድ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። አድሚን እኔ። ሳምራ ማስገባት። ዶክተር ፍሰሐስ?

"ማየትና ማንበብ።"

"ማጥፋት? ገልብጦ መውሰድ? ሌላ ሰው ማስገባት?"

"ማየትና ማንበብ አልኩህ።"

"እሺ ሲስተር። የበጋው ሙከራ ቀረ ማለት ነው?"

"ቀረ።"

ፊልም ማተሙ ይቀጥላል። በሩ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ማስታወቂያ ለጠፍን፤ የድሮ ፊልም ያለው ሁሉ ያምጣ፣ አንስተን እንመልሳለን። ከሲሬ፣ ከኢተያ፣ ከየገጠሩ ይመጣል። ከጣሪያ ሥር፣ ከፍራሽ ሥር፣ አንዱ ከጓደኛው ግድግዳ ላይ ነቅሎ። ሳምራ ቀኑን ሙሉ ስታነሳ ትውላለች፤ ቤቱ ጢስ ጢስ ብሏል። ኖህ ሦስት ቅጂ በሦስት ቦታ እያለ ሲኩራራ፣ የእኛ ስንት ቦታ እንደነበረ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ያለ ወቅቱ ዘነበ። ስንዴው አሽቷል፤ ገበሬው ሰማዩን እያየ ይማረራል።

ፍሰሐ የቀሩትን መጻሕፍት ሊወስድ መጣ። ግቢው ጭቃ ሆኗል። ካርቶኑን ይዞ በረንዳ ላይ ቆመና እግሩ ሥር ፈለገ።

"ቦቴስ?"

"ለዋቅቶላ ሰጠሁት።"

"እኔ ስመጣስ ምን ላደርግ ነው?"

"ከየትም አነባለሁ አላልክም?"

ዋቅቶላ በሩ ጋ ሆኖ ሰማ። ሊያወልቀው ጎንበስ አለ። ተው አልኩት። ሁለት ካልሲ ደርቦ ልክ ሆኖለታል።

ፍሰሐ በአዲስ አበባ ጫማው እስከ ባጃጁ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረበት፤ ካርቶኑን እንደያዘ በአንድ እግሩ ቆሞ ወዴት እንደሚያሳርፈው አሰበ። መስኮቱ ጋ የቆምኩት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ምስል ላክን። ሳይመሽ ሁሉንም አንብቦ መለሰ። ግልጽ ናቸው ይላል።